የአባቴን ቀብር በነፃ ስላስጎበኙልን

ለክቡር አቶ ሀይለመለኮት
የ«እውነተኛ ኑሮ በትንሽ ወጪ» የእንግዶች አስተናጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
እንጅባራ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን እንዳልል ደህና አይደለንም፤ እርስዎ ግን ደህና መሆንዎን በየቅዳሜው በዳንግላ በኩል ወደ እርስዎ ከሚያልፉት ሚኒባሶች ብዛት ስለምረዳ ደስታዬ ወሰን የለውም። እንቅልፍዎ፣ የምግብ ፍላጎትዎ፣ በተለይም መንጋጋዎ እንዳይጓደልብዎ ከልቤ እመኛለሁ። ስለ መንጋጋ ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም፤ የአስጎብኚዎን የአቶ ይሄይስን መንጋጋ የሰበረው ታናሽ ወንድሜ ካሳው ስለሆነ ቤተሰባችን ከጥር ወዲህ የሰው ሁሉ መንጋጋ የሚያሳስበው ቤተሰብ ሆኗል።

እኔ ይመኙሽ ገበየሁ እባላለሁ። ዳንግላ ላይ ወፍጮ ቤት አለኝ። በወፍጮ ጩኸት መካከል የኖረ ሰው ሳያስበው ድምፁ ከፍ ይላልና ጽሑፌ ቢጮህብዎ የሥራ ጠባይ ነው ብለው ይለፉልኝ። አባቴ ገበየሁ የዘንገና አካባቢ ገበሬና ፈረሰኛ ነበር፤ የዘንድሮው የፈረስ በዓል ሊከበር ጥቂት ሲቀረው ሞተ። እርስዎም ቀብሩን ለእንግዶችዎ በነፃ ስላስጎበኙልን፣ ያን ዕለት በሆነው ነገር ካሳው በእርስዎ አቤቱታ ታስሮ ይገኛል። የአባታችን አርባ የፊታችን እሑድ ነው። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አቤቱታዎን ያንሡልንና ካሳው እሑድ አባቱ መቃብር ላይ ይቁም። ለማኝ ደግሞ አስቀድሞ ማመስገን ስላለበት ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ከሁሉ በፊት ስለ በራሪ ወረቀትዎ አመሰግናለሁ። እንጅባራ በጥር ምን እንደምትመስል ለእርስዎ አልነግርም፤ አልጋ ሁሉ የሚያዝበት፣ ባጃጅ ሁሉ ጌታ የሚሆንበት፣ ምግብ ቤቱ ለአንድ ሳህን ሽሮ የድግስ ዋጋ የሚጠራበት ወር ነው። እንግዳው ከአዲስ አበባም ከባሕር ማዶም መጥቶ ኪሱ ሲሳሳ፣ እውነተኛውን የአገሬውን ኑሮ በርካሽ የማገኘው የት ነው ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ነውር የለበትም። እኔም ላሊበላ ሄጄ ጠይቄዋለሁ፤ አንዲት ሴት ቤቷ አስገብታ፣ ጠላ ቀድታ፣ ከልጆቿ ጋር አስበልታ ሸኝታኛለች፤ ዕድሜ ይስጣት። እርስዎ ግን ለዚህ ጥያቄ በቀለም ያሸበረቀ መልስ አሳተሙለት፦ «የተሸለመ ፈረስ ሲያዩ ይከተሉ፤ ፈረሱ በሚሄድበት እውነተኛው ኑሮ አለ፤ መግቢያ አይከፈልም። ድንኳን ሲያዩ ይግቡ፤ የአገሬው ሰው እንግዳ አይመልስም።»

ያልጻፉት ነገር ቢኖር እዚህ አገር ፈረስ ለበዓል ብቻ እንደማይሸለም ነው። ፈረሰኛ ሲሞት ጓደኞቹ ፈረሶቻቸውን እንደ በዓል ቀን ሸልመው ይመጡና ሜዳውን እየጋለቡ የሟቹን ሙያ ይጠራሉ፤ የሟቹም ፈረስ ኮርቻው ላይ የጌታው ጋቢ ተደርቦ ያለ ጋላቢ እየተመራ ሬሳውን ይከተላል። እርስዎ የእንጅባራ ልጅ ነዎት። ይህን የማያውቁ ከሆነ ያሳደጉዎትን ሰዎች እወቅሳለሁ፤ እያወቁ ያሳተሙት ከሆነ ግን የሚገባዎትን ቃል እናቴ በሕይወት እያለች አልጽፈውም።

፪. ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ትርጉም አገልግሎትዎ ነው። ሚኒባስዎ የተሸለሙትን ፈረሶች ተከትሎ ለቅሶው ሜዳ ዳር ቆመ፤ እንግዶቹም ወርደው ካሜራቸውን አወጡ። አቶ ይሄይስ የአገራችንን ቋንቋ አውኚን አይሰማም፤ አለመስማት ወንጀል አይደለም፤ ባይሰማም ግን ዝም አላለም። እናቴ ወይዘሮ ሸጋ በአውኚ፣ ፈረስህን ማን ይጫንልህ፣ ደጅህን ለማን ልክፈተው እያለች ስታለቅስ፣ እንኳን ወደ አገራችን መጣችሁ እያለች ነው ብሎ ተረጎመላቸው። እነሱም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እጅ ነሡ። እናቴ ፊቷን ነጭታ ደሟ በአንገቷ ሲወርድ አንደኛው ቀለሙ ከምን እንደሚሠራ ጠየቀ፤ ይሄይስም ከእንጆሪ ነው አለው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት እንግዶችዎ ራሳቸው ቀርጸው ለዓለም ከለቀቁት ቪዲዮ ነው። እናቴ ቪዲዮውን አላየችም፤ እንዳታየውም ስልክ ያለውን የጎረቤት ልጅ ሁሉ አስጠንቅቄያለሁ።

፫. ሦስተኛው ስለ ድሮኑ ነው፤ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ሬሳው ከሜዳው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊነሣ ሲል ከእንግዶችዎ አንዱ፣ ፈረሶቹን ከላይ ለማንሣት ብሎ ድሮን ለቀቀ። ክቡር ሆይ፣ እርስዎም የሚኖሩት እዚሁ ነው። ባለፉት ዓመታት ከላይ ዝዝ የሚል ድምፅ ሲመጣ ሰው ምን እንደሚያደርግ አስረጂ አያሻዎትም። ማንም ቀና ብሎ ትንሽ ነው ወይስ ትልቅ፣ የሠርግ ነው ወይስ የሌላ ብሎ አይመረምርም። የተሰበሰበ ሰው ይበተናል፤ የተረፈ በኋላ ይጠያየቃል። ይህን ጸባይ ያመጣነው እኛ አይደለንም፤ ያስተማረን ሰማዩ ነው።

ሕዝቡ ተበተነ። ሬሳ ተሸካሚዎቹ ሳጥኑን ጣሉት፤ ልጆቻቸው ሰዉ መካከል ነበሩና አልፈርድባቸውም። ክዳኑ ተነቀለና አባቴ በከፈኑ ሣሩ ላይ ተዘረጋ። ፈረሶቹ ልጓም እምቢ አሉ። የመጀመሪያው ፈረስ አባቴን ዘለለው፤ ሁለተኛው አልዘለለውም። የአባቴ እኅት ዋጋዬ ሌላ እንዳይረግጠው ብላ ሬሳው ላይ ተደፋች፤ ሦስተኛው ፈረስ በዳሌዋ ላይ አለፈ። ከዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል አጥንቷ ሲሰበር ሰማሁት፤ ከእህል ጋር ድንጋይ ወፍጮ ውስጥ ሲገባ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወፍጮ ቤቴ ውስጥ አልቆምም፤ በሠራተኛ ነው የማስኬደው። የእሾህ አጥር ላይ ፊታቸውን የተዘነጠሉ ነበሩ፤ ከፈረስ ወድቆ ጥርሱን ከደም ጋር የተፋ ነበር፤ ልጇን ታቅፋ ወድቃ ሰው እላይዋ ላይ የሮጠባት እናት ነበረች፤ ልጁን አውጥተን ትንፋሹን እስክንሰማ ድረስ ማንም ስለ አባቴ አላስታወሰም። እርስዎ ለለጋሾችዎ ባነበቡት ሪፖርት ይህን «ያልታቀደ ነገር ግን ልብን የሚያንጠለጥል የፈረስ ግልቢያ» ብለውታል፤ ለአገላለጹ ውበት አድናቆቴን እገልጻለሁ።

፬. ድሮኑ በዚህም አልሸሸም። ሰው ሲበተን ይበልጥ ያምር መሰለኝ፣ ወርዶ ወርዶ በአባቴ ሬሳ ትይዩ፣ ከሰው ቁመት እምብዛም ሳይርቅ ቆመ። ካሳው ፈረስ ላይ ነበር። አባታችን ጉግስ ያስተማረው ልጅ ነው፤ የጉግስ በትሮቹንም ሙሾው ላይ ይዟቸው ነበር። ፈረሱን አዙሮ፣ ከኮርቻው ብድግ ብሎ ወረወረ። መታው። ድሮኑ ተሰባብሮ አባቴ እግር ሥር ወደቀ። ያን ጊዜ እንግዶችዎ አጨበጨቡ።

ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ ብዙ ጭብጨባ ሰምቻለሁ፤ ያንን ግን እስክሞት አልረሳውም። አክስቴ ከኋላዬ ታቃስታለች፣ አባቴ ሣር ላይ ተጥሏል፣ እነሱ ያጨበጭባሉ። በዚያች ሰዓት ሁሉንም በጥርሴ ብዘነጥላቸው አልጠግብም ነበር፤ ይህን የምጽፈው ክርስቲያን መሆኔን ሳልዘነጋ ነው። አቶ ይሄይስም ሮጦ መጣና የካሳውን ፈረስ ልጓም ጨብጦ፣ ዕቃው የእንግዳ ነው፣ ሳትከፍል አትሄድም አለው። አልተሳሳተም፣ ዕቃው የእንግዳ ነበር። ካሳው እጁ ላይ በቀረው በትር መንጋጋውን መታው፤ ወደቀም፣ ወርዶ ደገመው። ፈረሰኞቹ በሚኒባሱ ላይ ዞሩ፤ የተረፈ መስታወት የለም። ሾፌሩን በመስኮት ጎትተው አውጥተው በጫማ ሲረግጡት ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው መሀል ባይገቡ ኖሮ ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ ሁለት ቀብር ነበር። ወንድሜ መልአክ ነው አላልኩም። የመታውንም አልመታም አላለም፤ አቶ ይሄይስ ሲሻለው በሽማግሌ ታርቀን እንክሳለን ብለናል፤ ደም ያለው ነገር በአገራችን የሚያልቀው እንደዚያ ነው።

፭. በአቤቱታዎ ውስጥ ንብረት ማውደምና አካል ማጉደል የሚሉትን አልከራከርም። «በእንግዶች ፊት በእንስሳ ላይ የተፈጸመ ጭካኔ» የሚለውን ሳነብ ግን ለእንስሳት ያለዎት ርኅራኄ አስለቀሰኝ። እንስሳው ዳማ ነው፤ የአባቴ ፈረስ። ሰው ሲበተን ከመሪው እጅ አምልጦ ድንች ማሳው ቦይ ውስጥ ገባና የፊት እግሩ ተሰበረ። አጥንቱ ቆዳውን በስቶ ወጥቶ ሳለ የአባቴን ጋቢ እንደለበሰ ለመነሣት ይታገል ነበር፤ ይነሣና ይወድቃል፣ ይነሣና ይወድቃል። ካሳው አንገቱን አቅፎ ጆሮው ላይ ሲያወራለት አየሁት፤ ምን እንዳለው ጠይቄው አልነገረኝም። ከዚያ በአባታችን ቢላዋ ገላገለው። ደሙ እስከ ደረቱ ረጭቶት ነበርና የሕግ ሰዎች ሲደርሱ ጥፋተኛውን ለመለየት ጊዜ አልፈጀባቸውም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኸው ነው፤ ልጁ ከአባቱ ሌላ የአባቱንም ፈረስ አጥቶ በማግስቱ ጨካኝ ተባለ።

፮. ስድስተኛው ስለ መስተንግዷችን ነው። እንግዶችዎ መኪናቸው ስለተሰባበረ የሚሄዱበት አጡ። በወረቀትዎ ላይ በታዘዘው መሠረትም ድንኳን አይተው ገቡ፤ የለቅሶ ድንኳን ነበር። የአገሬው ሰው እንግዳ አይመልስም ያሉት ሐሰት እንዳይሆንብዎ ከድንኳኑ አላስወጣናቸውም፤ ጎረቤት ያመጣውን ንፍሮ አቀረብንላቸው። ከመካከላቸው አንዲት ልጅ የተቀመጠችበት ምን ቤት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት። እናቴ እግር ሥር ተንበርክካ አለቀሰች፣ ማታም ከሴቶቹ ጋር ዕቃ አጠበች። በዚህ ደብዳቤ ያለው ነገር እሷን አይነካትም፤ በመጣች ቁጥር ቤቴ ቤቷ ነው። ሌላኛው ግን ኢንተርኔት ላይ እንዲህ ብሎ መስክሯል፦ «አቀባበሉ ልብ የሚነካ፣ ዋጋው ነፃ፣ ንፍሮው ግን ጨው ያንሰዋል።» ስለ ጨው በእውነት ይቅርታ እንጠይቃለን። ጓዳ የሚገቡት ሴቶች አክስቴን በቃሬዛ ይዘው ሐኪም ቤት ስለሄዱ ነው፤ ለሚቀጥለው እናሻሽላለን።

ለሚቀጥለው ያልኩትም በዘበት አይደለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ በራሪ ወረቀትዎ በድጋሚ ታትሞ ሲወጣ «የለቅሶ ፈረስ፤ በገንዘብ የማይገኝ» የሚል መስመር ተጨምሮበት አየሁ። እንግዲህ በዞኑ ያሉ ሽማግሌ ፈረሰኞች ሁሉ ለእንግዶችዎ በሚመች ቀን፣ ቢቻል ቅዳሜ፣ እንዲሞቱ ቢያስነግሩልን ሁላችንም እንዘጋጅ ነበር።

፯. ሽማግሌዎች ልከንብዎት ነበር። በረንዳ ላይ አስቀምጠው እስኪመሽ አቆይተው፣ ጉዳዩ በሕግ ተይዟል ካሉ በኋላ ለእያንዳንዳቸው ወረቀቱን ሰጥተው ሸኝተዋቸዋል። ከመካከላቸው አንዱ፣ አያ ይኸነው፣ ማንበብ ስለማይችሉ ምን እንደሚል ጠየቁኝ። አነበብኩላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእርስዎ ስም ሲነሣ አያ ይኸነው ምራቃቸውን ይተፋሉ፤ በእርጅና ምክንያት ነው ብለው እንዲይዙልኝ እለምናለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ምስጋናዬ አለቀ፤ ልመናዬ ግን እንዳለ ነው። አባታችን የወለደው ወንድ አንድ ብቻ ነው። በቀብሩ ቀን አፈር አላለበሰውም፤ አፈሩ ሲመለስ እጁ ታስሮ ነበር። አሁን አርባው ላይ ካልቆመ እናቴ በሁለት ሐዘን ትቀመጣለች፤ የሞተውን ታለቅሳለች፣ ያልሞተውን ትጠብቃለች። በወንድሜ ፈንታ ሌላ ሰው ማሰር ካስፈለገዎት እኔ አለሁ፤ አፌ ከእሱ በትር የባሰ እንደሆነ ይህ ደብዳቤ ይመሰክራል። ይፍቱልን። እንዲህ ዝቅ ብዬ ስለምን እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት፤ ከአባቴ በስተቀር ፊቱ ዝቅ ያልኩለት ሰው የለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና፣ እርስዎ ቢረሱት እንኳ እኛ እንድናስታውስዎ ፈቃድዎ ይሁን።

የሚኒባስዎ መስታወት ዳግም እንዳይሰበር፣ የእንግዶችዎ ሆድ እንዳይጎድል፣ የራስዎም ቀብር ሲደርስ (ዕድሜዎን ያርዝመውና) ማንም ባዕድ እንዳያጨበጭብበት ከመላው ቤተሰቤ ጋር ሆኜ በመጸለይ፣ ከፍ ካለ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ሳትጠየቅ አስተናጋጅዎ የሆነች፣ የነፃ ትርዒትዎ ባለ ሬሳ፣
ይመኙሽ ገበየሁ
ከዳንግላ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ መልእክተኛዎ መጣ። ቪዲዮውን ያዩ ሰዎች ድሮን የመታውን ፈረሰኛ ካላየን ብለው ስላስቸገሩዎት፣ ካሳው ቅዳሜ ዕለት በፖሊስ ታጅቦ መጥቶ በዝግጅትዎ ሜዳ ላይ በሕዝብ ፊት አንድ ጊዜ ቢወረውርልዎ አቤቱታውን እንደሚያነሡ፣ ለዚሁም አዲስ ድሮን እንደተገዛ ነገረኝ። የታሰረበት ሄጄ ለካሳው ነገርኩት። እሑድ አባቱ ዘንድ ለመድረስ ሲል እሺ ብሏል። እንግዲህ ይወረውራል። በትር ከእጅ ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ቤተሰባችን ኃላፊነት እንደማይወስድ ከወዲሁ በማክበር እያሳወቅሁ፣ እርስዎም ከፊተኛው ረድፍ፣ መሀል ላይ፣ ኮፍያዎን አውልቀው እንዲቀመጡልን በትሕትና እጠይቃለሁ።